ንፋስ ነው የጣላት

ቃሌን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ነገሩን ያጫወትኳቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ሁሉ "ልጅ ነበርሽ፤ ትልልቆቹ አስጠንተውሽ ነው" ብለው ሊያጽናኑኝ ሞክረዋል። ማንም አላስጠናኝም። አባቴ እንዲያውም "ተቀመጪ" ብሎኝ ነበር። እምቢ ብዬ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። የምንኖረው መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ አለፍ ብሎ፣ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር በተኮለኮለች ትንሽ ከተማ ነበር። ከተማ ስል አንድ መንገድ፣ ሠላሳ የማይሞላ የድንጋይ ቤት፣ አንድ ጤና ኬላ፣ አንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ከጉብታው በላይ ደግሞ ኪዳነ ምሕረት። የኛ አገር ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው፤ መስኮቱ ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ ከሁለት መዳፍ አይሰፋም። ውጭ ፀሐይ ዓይን እየወጋ፣ ውስጥ የገባ ሰው ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ጥቂት መቆም አለበት። ሴቶች የሚወልዱት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነበር። ጤና ኬላውም ያው ነው።

አባቴ ቅጣው ባና ነጋዴ ነበር። ሸማኔዎቹ ከበግ ጠጉር የሠሩትን ባና እየሰበሰበ ሞላሌ ገበያ ያወጣል። ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ እጠብቀዋለሁ፤ ከበቅሎው ወርዶ ከረሜላ ይሰጠኝና ትከሻው ላይ ያወጣኛል፤ ኮቱ የበግና የአቧራ ሽታ አለው። "አመተሥላሴ የቅጣው፣ የባለ ባናው!" እያለ መንገዱን ሙሉ ያዜምልኛል። በዓለም ላይ ከሱ የበለጠ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

እናቴ ጌታነሽ ግን ዝምተኛ ናት። ከኔ በፊት አንድ፣ ከኔ በኋላ አንድ ልጅ በምጥ ሞተውባታል። ያን ዓመት እንደገና አርግዛ ነበር። ሆዷ ሲገፋ ከወትሮው ይበልጥ ዝም አለች።

ጎረቤታችን ጋሼ ገብረ አማኑኤል በጦር ሠራዊት ውስጥ የመኪና መካኒክ የነበረ፣ ኦጋዴን ላይ እግሩን ቆስሎ የተመለሰ ሰው ነው። ሚስቱ አስካለ ማርያም የጤና ኬላው ጤና ረዳት ናት፤ የከተማው ሰው "ዶክተር" ይላታል። ልጅ አልነበራቸውም። ቤታቸው በአንድ በኩል ከጤና ኬላው፣ በሌላ በኩል ከኛ ጓሮ ጋር ይዋሰናል። መሐል ላይ አንድ ጠባብ ቁራጭ ቦታ ነበረች። አባቴ የሱፍ መጋዘን ልሥራባት ብሎ ለቀበሌው አመልክቶ ነበር፤ ቀበሌው ለቁስለኛው ወታደር ሰጣት። የጠቡ ሥር እዚያ ላይ እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው መዘውሩን ብቻ ነው።

ጋሼ ገብረ አማኑኤል ገደል ከገባ የጭነት መኪና መብራት የሚያመነጨውን ዲናሞ ፈትቶ አመጣ። ከጽድ እንጨት ሁለት ረጃጅም ክንፍ ጠረበ። እየላገ በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ እንደገና ይልጋል፤ እኔ ፍቅፋቂውን እየለቀምኩ አሸተዋለሁ። ከዚያ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ አሰረና በዚያች ቁራጭ ቦታ ላይ አቆመው፤ በአራት በኩል በሽቦ ወጠረው። ሰዉ "መዘውር" አለው። ንፋስ መጀመሪያ ያዞረው ዕለት ሴቶች እልል አሉ፤ ኃይለ ኢየሱስ የሚባል ሰው በቅሎ ደግሞ ጭነቷን ጥላ እስከ ወንዙ ድረስ ሮጠች።

አስካለ ማርያም እጄን ይዛ የማዋለጃውን ክፍል አሳየችኝ። ከጣሪያው ላይ የመኪና አምፖል ተንጠልጥሏል። ማብሪያውን ስትጫነው የአልጋው አንሶላ፣ የቆርቆሮ ሳህኑ፣ የግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ብቅ አለ። እናቴም ከኋላዬ ነበረች። በአልጋው ዙሪያ ቀስ ብላ ዞረች፤ ከዚያ አንሶላውን ነካችው።

"እዚህ ነው የምወልደው" አለች። "ደሜን የሚያይልኝ ሰው ይኑር፤ ያለፉትን ሁለቱን ጊዜ በጨለማ ነው የዳበሱኝ።"

አስካለ ማርያም ትከሻዋን አቀፈቻት። ስለ ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም፤ እኔ ማብሪያውን እንድጫን ይፈቀድልኝ እንደሆነ ነበር የማስበው።

ብዙ ሳይቆይ አቤቱታው መጣ። መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ምሰሶው ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በለጠ ብለው ተቆጡ። ኃይለ ኢየሱስ ስለ በቅሎው ከሰሰ። አባቴ ደግሞ ስለ ድምፁ። ክንፎቹ ሲዞሩ ብው፣ ብው፣ ብው ይላሉ፤ ንፋስ ሲበረታ ግድግዳችን ያጉረመርማል። አባቴ "አንድ ቀን ክንፉ ተነቅሎ ልጄን ይቆርጥብኛል" ይል ነበር። አሁን ሳስበው ፍርሃቱ ሐሰት አልነበረም። ቁራጭዋን ቦታ መፈለጉም ሐሰት አልነበረም። ሰው ሁለቱንም በአንድ ልብ መያዝ ይችላል፤ እኔ ግን ያኔ አንዱን ብቻ ነበር የምሰማው።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ኪዳነ ወልድ ከአውራጃ የመጣውን የከተማ ፕላን ይዘው፣ ሁለት ሰዎች ገመድ አስይዘው መጡ። ከኛ ግድግዳ እስከ ምሰሶው በክንድ ለኩ። ችግሩ፣ ፕላኑ ላይ ቦታው "መኖሪያ" ይላል፤ መዘውሩ ደግሞ ቤት ይሁን ፋብሪካ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

"ሰው አይኖርበትም፤ ስለዚህ ቤት አይደለም" አለ አባቴ።

"ሠራተኛ የለውም፤ ስለዚህ ፋብሪካ አይደለም" አለ ጋሼ ገብረ አማኑኤል።

አቶ ኪዳነ ወልድ ፕላኑን ወደ ፀሐይ አንስተው ቢያዩት ቢያዩት ምንም አልነገራቸውም። "ጎረቤት ይፈርም" አሉ በመጨረሻ። "የሚቃወመውም የሚደግፈውም በየወረቀቱ ይፈርም፤ ከዚያ ስብሰባ እንጠራለን።"

አባቴ የራሱን ወረቀት ይዞ ከቤት ቤት ዞረ። አስካለ ማርያምም የራሷን። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት የእናቴ የግራ አውራ ጣት ወይን ጠጅ መስሎ አየሁት። እንሶስላ የሞቀች መሰለኝ። "ለምን አንድ ጣት ብቻ?" ብዬ ጠየቅኋት። ጣቷን በነጠላዋ ሸፈነችና "ዝም በይ፣ የኔ ልጅ" አለችኝ። በእንሶስላ ማፈሯ ገረመኝ። የአሻራ ቀለም መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አባቴ ግን ወዲያው አወቀ።

ከምሳ በኋላ ነበር፤ ንፋሱ የበረታ ቀን። እኔ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ አንገቴን ወደ መዘውሩ አቅንቼ ክንፎቹን አያለሁ። በጣም ሲፈጥኑ ክንፎቹ ይጠፉና አንድ ግራጫ ክብ ብቻ ይቀራል፤ ያን ማየት እወድ ነበር። አባቴና እናቴ ከቤት እየተነጋገሩ ወጡ። የቤታችን ደጅ ከፍ ያለ ነው፤ አምስት የድንጋይ ደረጃ አለው።

"ጣትሽን አሳዪኝ" አለ አባቴ።

"ቅጣው፣ ልጅቷ ትሰማለች።"

"ጣትሽን አሳዪኝ አልኩሽ! በባልሽ ላይ ነው የፈረምሽው?"

"በአንተ ላይ አይደለም። ለራሴ ነው የፈረምኩት። ሁለት ቀበርኩ፤ ሦስተኛ አልቀብርም።"

ያን ጊዜ መዘውሩ ጮኸ። ወደ እሱ አየሁ፣ ወደ እነሱ አየሁ። የእናቴ ነጠላ በንፋሱ ተገልብጦ ፊቷን ሸፈናት። የአባቴ እጅ ወደ ፊት ተዘርግቷል። እናቴ ደረጃው ላይ እየተንከባለለች ወረደች። ድምፅ አላወጣችም።

አባቴ ጮኸ። ከደረጃው ዘሎ ወርዶ አነሳት፤ እንደ ሕፃን ታቅፎ በቁራጭዋ ቦታ በኩል፣ በመዘውሩ ሥር፣ ወደ ጤና ኬላው ሮጠ። ከኋላው ተከተልኩ። ጋሼ ገብረ አማኑኤል በሩን ከፈተለት። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ጤና ይስጥልኝ እንኳ አልተባባሉም ነበር፤ ያን ቀን ግን አባቴ "ወንድሜ፣ ድረስልኝ" ሲለው ሰማሁ።

በሩ ላይ ቀረሁ። በስንጥቁ በኩል አምፖሉ ሲበራ አየሁ። አስካለ ማርያም "ምን አግኝቶሽ ነው? ንገሪኝ፣ ጌታነሽ፤ ማን ነው?" አለች።

"ንፋስ ነው" አለች እናቴ። "ንፋስ ነው የጣለኝ።"

አስካለ ማርያም ቀና ብላ አባቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። አባቴ ግድግዳው ላይ ፊቱን ደፍቶ ያለቅስ ነበር። እናቴ እንዳትሞትበት እንዲህ ይወዳታል ብዬ እኔም አለቀስኩ።

ልጁ ወንድ ነበር፤ ሳይተነፍስ ወጣ። እናቴ ተረፈች። ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ አስካለ ማርያም ከየት እንደሚፈሳት በዚያ አምፖል አይታ ነው ያቆመችላት። ይህንንም የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፦ ንፋስ ነው የጣላት። ጠያቂው ሁሉ ሲመጣ "ምን ሆና ነው?" ይላል፤ አባቴ መሬት መሬት እያየ "ንፋስ ጥሏት" ይላል። ንፋስ ደግሞ ለኔ ከአንድ ቦታ ነበር የሚመጣው። መዘውሩ ከመቆሙ በፊት አገሩ ንፋስ እንደነበረው ረስቼዋለሁ። ክንፎቹ ሲዞሩ ይነፍሳል፤ ሲቆሙ ጸጥ ይላል። ስለዚህ መዘውሩ ነው ንፋሱን የሚሠራው። ስለዚህ እናቴን የጣላት መዘውሩ ነው፤ ወንድሜንም የገደለው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሁሉም ያወቀው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ትከሻው ላይ አላወጣኝም። ከገበያ ሲመጣ ከበቅሎው ሳይወርድ ያልፈኛል። ከረሜላው ቀረ። ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም።

ስብሰባው የተጠራው እናቴ ገና አልጋ ላይ ሳለች ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቀበሌው ግቢ። ሰዉ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ግራ እጃችንን አንስተን "ኢትዮጵያ ትቅደም!" አልን። አቶ ኪዳነ ወልድ ሁለቱን ወረቀቶች ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

መጀመሪያ የተነሡት መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ነበሩ። "እኔ ክሴን አንስቻለሁ" አሉ። "ገብረ አማኑኤል ምሰሶውን ሁለት ክንድ ቆርጦ ከጉልላቱ በታች አድርጎልኛል። ደግሞም የልጄ ሚስት በዚያ ብርሃን ነው በሰላም የተገላገለችው። በብርሃን ላይ አልመሰክርም።"

ኃይለ ኢየሱስ ቀጠለ። "በቅሎዬ ለመደችው" አለ። "አሁን እንዲያውም ሥሩ ሄዳ ነው የምትተኛው።" ሰዉ ሳቀ።

የቀረው አባቴ ነው። ቀስ ብሎ ተነሣ። "የኔ ሚስት ግን አልለመደችውም" አለ። ሳቁ ቆመ። "ንፋስ ጥሏት የሰባት ወር ልጅ ቀብሬያለሁ።"

"ሁላችንም አዝነናል፣ አቶ ቅጣው" አሉ ሊቀመንበሩ። "ግን ንፋሱ ድሮም የነበረ ነው። መዘውሩ ነው የጣላት የሚል ሰው አለህ?"

አባቴ አፉን ከፈተ። አስካለ ማርያምን አየ። እሷ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች።

"የለኝም" አለና ተቀመጠ።

ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ወረቀቱ ታጥፎ፣ ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ፣ መዘውሩ እዚያው እንደቆመ ይቀር ነበር። እኔ ግን አባቴን አየሁት፤ ትከሻው ወድቋል፤ ብቻውን ነው። ማንም አልረዳውም። እኔ ግን አይቻለሁ! ከጋለ ምጣድ ላይ እንደምትዘል የባቄላ ፍሬ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

"እኔ አይቻለሁ!"

"አመቴ፣ ተቀመጪ" አለ አባቴ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። ያዘነልኝ መሰለኝ፤ ጭራሽ ልቤ ሞላ።

"ተዋት፣ ያየችውን ትናገር" አሉ አቶ ኪዳነ ወልድ። "ነይ እስቲ ወዲህ፣ የኔ ልጅ።"

ወደ መሐል ወጣሁ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም።

"እማዬ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር" አልኩ። "መዘውሩ በጣም ጮኸ። እማዬ ደንግጣ ወደቀች። አባዬ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ግን አልደረሰባትም።"

ጋሼ ገብረ አማኑኤል እያነከሰ ወደ እኔ መጣና በደህና እግሩ ተንበረከከ። ፊቱ ከፊቴ ጋር እኩል ሆነ።

"አመቴ፣ ደንግጣ ነው ያልሽው? በመዘውሩ ድምፅ?"

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እናቴ ስትደነግጥ አላየሁም። ፊቷ በነጠላው ተሸፍኖ ነበር። "ደንግጣ" የምትለውን ቃል ከራሴ ነው ያመጣኋት፤ ነገሩ እንዲያምር፣ ሰዉ እንዲሰማኝ። አሁን ሲጠይቀኝ "አላውቅም" ማለት እችል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ይህን ለማወቅ አያንስም።

"አዎ፣ ጋሼ" አልኩት። "ደንግጣ ነው።"

ተነሣ። ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። "ቀበሌው አይድከም" አለ። "እኔው አወርደዋለሁ።"

አስካለ ማርያም አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። አፏ ተከፈተ፤ ከዚያ ተዘጋ። አባቴ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ገብረ አማኑኤል ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሰው ልርዳህ ቢለው እምቢ አለ። ምሰሶው ሲጋደም መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ክንፎቹን ፈታና በመዳፉ አንድ ጊዜ ዳበሳቸው። ከዚያ በመጥረቢያ ፈለጣቸው። እኔ አጥራችን ሥር ቆሜ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝና "አይዞሽ፤ ከእንግዲህ አይጮኽም" አለኝ። የተቆጣ አይመስልም ነበር። ያስታረቅኋቸው መሰለኝ።

ለመስከረም አስካለ ማርያም ወደ ዓለም ከተማ ተቀየረች፤ ሄዱ። ጤና ኬላው ወደ ድሮው ፋኖስ ተመለሰ። ቀበሌው ቁራጭዋን ቦታ ለአባቴ ሰጠው፤ አባቴ ግን መጋዘን አልሠራባትም፤ አጥርም አላጠረባትም። እስኪሞት ድረስ የሰው በግ ይግጥባት ነበር። እናቴን ከዚያ ወዲያ በክፉ ነክቷት አያውቅም። ይህን የምለው ልከላከልለት ፈልጌ አይደለም፤ እንዲያ ስለነበረ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እናቴ ሞላሌ ወርዳ ወንድሜን መርስዔ ኃዘንን ወለደች፤ ደህና ልጅ። አባቴ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ተመለሰ፤ እኔም እንደ ድሮው ወደድኩት። በ1994 ሲሞት ፀጉሬን ነጭቼ ነው ያለቀስኩት።

አሁን ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። የምስክር ቃል እጽፋለሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ቀረበች፤ ጉዳዩን መናገር አይገባኝም። ዳኛው ለስለስ ያሉ ሰው ናቸው። "መጀመሪያ ምን አየሽ?" አሏት። ነገረቻቸው። "ከዚያስ? ከዚያ ቀጥሎስ?" እያሉ አንድ በአንድ በቅደም ተከተል አስኬዷት። እኔ እጽፋለሁ። መሐል ላይ እጄ ቆመ።

መጀመሪያ ምን አየሁ? መዘውሩን። ከዚያስ? ነጠላዋን። ከዚያስ? የአባቴን እጅ። ከዚያ ነው እናቴ የወደቀችው። እጁ የተዘረጋው እሷ ደረጃው ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ሳለች ነው። ሊይዛት የሚዘረጋ እጅ ደግሞ ጣቶቹ ይከፈታሉ፤ የአባቴ መዳፍ ግን ወደ ፊት ነበር። ይህን ሁሉ አይቼዋለሁ። ሁልጊዜም እዚያው ነበር፤ በቅደም ተከተል የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ብቻ እንዳሻኝ አስቀምጬዋለሁ።

ዳኛው "ወይዘሮ አመተሥላሴ፣ ደክሞሽ ነው?" አሉኝ። አይ፣ አልኩ። ጻፍኩ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። እኔው ጋ ነው የምትኖረው፤ አርጅታለች። አንድ ዓርብ ሥራ አለብኝ ብያት ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ዓለም ከተማ ገባሁ። አስካለ ማርያምን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ግማሹን ከተማ አዋልዳዋለች። ጡረታ ወጥታለች፤ ዓይኗ ደክሟል። ስሜን ስነግራት ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ልጅ ሳለሁ አንቺ እላት ነበር፤ ያን ቀን አፌ አልታዘዘኝም።

"ጋሼ ገብረ አማኑኤልስ፣ እትዬ?"

"ከዐረፈ ሁለት ዓመት ሆነው" አለች።

ዘግይቻለሁ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ያመጣሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ስለ እጁ፣ ስለ ቅደም ተከተሉ።

"ያን ዕለት በእናትሽ ደረት ላይ የእጅ ምልክት ነበረ" አለች ስጨርስ። "ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ አውቃለሁ። እናትሽ በማርያም አስማለችኝ። 'ያስሩታል፤ ልጄን ማን ያሳድጋታል?' አለችኝ። ማልኩ።"

"እና በስብሰባው ላይ ዝም አሉ? መዘውሩ ሲወርድ?"

"መዘውሩ እንጨት ነው፣ ልጄ። ልናገር ብዬ ነበር። ግን ገብረ አማኑኤል ወታደር ነበር፤ አባትሽ ዋሽቶ በሱ ላይ እንዳላከከ ቢያውቅ ይገድለው ነበር። እኔም አጣዋለሁ።" ነጠላዋን አስተካከለች። "በኋላ፣ አባትሽ መሞቱን ስሰማ፣ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደብቄው ነበር። ይጠላኛል ብዬ ፈራሁ። ሳልነግረው ሞተ።"

"ምን እያመነ ሞተ?" አልኩ። መልሱን አውቀው ነበር።

"ሕፃን እንደገደለ ነዋ።"

ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። እሷ ቀጠለች፤ "ከመንዝ የመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር 'የቅጣው ሚስት ሌላ ልጅ ወለደች ወይ?' እያለ ይጠይቅ ነበር። ወንድምሽ መወለዱን የሰማ ቀን አለቀሰ። ያን ቀን ደህና አድርጎ በላ። ዲናሞ ግን ዳግመኛ አልነካም። ሰዎች ለወፍጮ፣ ለመኪና ሲለምኑት 'እኔ የሠራሁት ሴት ያስደነግጣል' ይላቸዋል። 'ልጅቷ ደንግጣ ብላለች፤ ልጅቷ አትዋሽም' ይለኝ ነበር።"

ያልነገርኳት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። እሱን ባልነግራት እችል ነበር፤ አታውቀውም።

"እትዬ፣ 'ደንግጣ' የምትለዋን ቃል ከራሴ ነው የጨመርኳት" አልኩ። "ስትደነግጥ አላየሁም። እሱ ሲጠይቀኝ እያወቅሁ ነው የደገምኩት።"

አስካለ ማርያም ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

"እግዜር ይፍታሽ ልበልሽ?" አለች። "እሱን ካህን ይበልሽ። እኔ ለራሴም የሚለኝ አላገኘሁም።" ከዚያ ተነሥታ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ስንለያይ እጄን አልለቀቀችም። "ጌታነሽን ሰላም በያት" አለች። "ከኔ ነው ብለሽ፣ በስሜ።"

በማግስቱ ቤቴ ስገባ እናቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትል ነበር። መንገድ ሙሉ ምን ዓይነት ውሸት እንደምነግራት ሳስብ ነው የመጣሁት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"አስካለ ማርያም ሰላም ብላሻለች፣ እማዬ" አልኩ።

እንዝርቱ ቆመ። ወደ እኔ አልዞረችም።

"የቱን ያህል ነገረችሽ?"

"ሁሉን። እኔም ሁሉን ነገርኳት።"

"ገብረ አማኑኤልስ?"

"ሞቷል። ሳይነገረው።"

እናቴ ሱፉን ከእንዝርቱ ላይ መፍታት ጀመረች፤ የፈተለችውን ሁሉ፣ ቀስ እያለች። ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት፤ ከቤተ ክርስቲያን በስተቀር ከቤት ከወጣች ዓመታት አልፈዋል።

"ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?" አለችኝ።

"ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።"

"ሰኞ ውሰጂኝ" አለች። "መቃብሩን የምታሳየን እሷ ናት። እውነቱን ለሱ የምነግረው እኔ ነኝ።"